መቶ ነጥብ የሚያወጣ ፊርማ

«ዘ ኧርሊ አድሚሽንስ ጌም» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲወጣ ብዙዎችን ያስደነገጠ አንድ ቁጥር ይዞ ነበር። በአሜሪካ ስመ ጥር ኮሌጆች ዘንድ ቀድሞ ማመልከት ብቻውን በኤስኤቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 100 ያህል ነጥብ ጨምሮ ከማምጣት ጋር የሚመጣጠን ዋጋ አለው ይላል። ፈተናው ከ1600 ይታረም በነበረበት በዚያ ዘመን 100 ነጥብ ማለት የወራት ጥናትና ለአስጠኚ የሚከፈል ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ለብዙ ልጆች ደግሞ ጨርሶ የማይደረስበት ከፍታ ነው። መጽሐፉ እንደሚያሳየው ያንኑ ጥቅም በጃንዋሪ ሊላክ የነበረውን ማመልከቻ በኖቬምበር በመላክ ማግኘት ይቻላል።

ኮሌጆቹ ለዓመታት ሲሰጡት የነበረው መልስ ሌላ ነው። ቀድመው ካመለከቱት መካከል በርከት ያሉት የሚያልፉት ጎበዞቹ ቀድመው ስለሚያመለክቱ እንጂ እኛ ስለምናዳላላቸው አይደለም ይሉ ነበር። መልሱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ማስረጃ ያልያዘ ወላጅም ሊከራከረው አይችልም። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር ያደረጉት ማስረጃውን መሰብሰብ ነው። ኤቨሪና ዜክሃውዘር በሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ናቸው። ፌርባንክስ ደግሞ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ክፍል ውስጥ የሠሩና ጓዳውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሦስቱ ለ14 ምርጥ ኮሌጆች የቀረቡ ከ500,000 በላይ ማመልከቻዎችን መረመሩ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን፣ የትምህርት ቤት ካውንስለሮችንና የቅበላ ባለሙያዎችንም አነጋገሩ። ተመሳሳይ ውጤት ያላቸውን ልጆች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ቀድሞ ያመለከተው በግልጽ ይበልጣል። እንግዲህ ልዩነቱን የሚያመጣው የልጁ ጉብዝና ብቻ ሳይሆን ያመለከተበት ቀን ጭምር ነው ማለት ነው። በዚህ ግኝት ብቻ መጽሐፉ ከሃያ ዓመት በኋላም ሊነበብ ይገባዋል እላለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ደንቦቹን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው አስገዳጅ ነው። ተማሪው አንድ ኮሌጅ ብቻ መርጦ ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር 1 ወይም 15 ያመለክታል፤ ከተቀበሉት እንደሚገባና ሌሎች ማመልከቻዎቹን እንደሚያነሣም ይፈርማል። ወላጁና የትምህርት ቤቱ ካውንስለርም አብረው ይፈርማሉ። መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። ኧርሊ አክሽን ግን ቀድሞ መልስ ይሰጣል እንጂ አያስርም፤ ተማሪው እስከ ሜይ 1 አስቦ ይወስናል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፈርድ በዚህኛው ላይ ገደብ ጨምረውበታል። ተማሪውን አያስሩትም፤ ሆኖም ወደ እነሱ ቀድሞ ያመለከተ ልጅ በዚያው ወቅት ለሌላ የግል ኮሌጅ ቀድሞ እንዲያመለክት አይፈቅዱም። በዲሴምበር ላልቀናው ደግሞ «ኧርሊ ዲሲዥን ሁለት» የሚባለውን፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ የሚዘጋውን ሌላ አስገዳጅ ዕድል ብዙ ኮሌጆች ከፍተውለታል። ፊርማው እንደ ንግድ ውል ፍርድ ቤት የሚያቆም አይደለም። የሚያስከብረው የትምህርት ቤቱ ስም ነው። አንድ ልጅ ቃሉን ካፈረሰ ከዚያው ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት የሚያመለክቱ ታናናሾቹ በዚያ ኮሌጅ ፊት ይጠረጠራሉ፤ ካውንስለሩ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይቆጣጠራል።

የመጽሐፉ ታሪካዊ ክፍል አጭር ቢሆንም በጣም የሚነግር ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ታወቁ የግል ትምህርት ቤቶች ሰው እየላኩ ልጆቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ደረጃ ይሰጧቸው ነበር። ኤ የተሰጠው ልጅ ገና ዋናው ቅበላ ሳይጀመር መግባቱን ያውቅ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። ቀድሞ የማመልከት ሥርዓት ሲተከል ከዚህ ልማድ ጋር ጎን ለጎን ነው ያደገው። ደራሲዎቹ ይህን የሚተርኩት ረጋ ብለው ነው፤ እኔ ግን ክርክራቸው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ይህ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው አንስቶ ቀድሞ ማወቅ የተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ሀብት ነበር። በኋለኞቹ ምዕራፎች የጥሩ ትምህርት ቤቶች ካውንስለሮች ለቅበላ ክፍሎች ስልክ እየደወሉ የትኛው ልጅ የት እንደሚሻለው ሲማከሩ ስናነብ፣ መንገዱ ተለወጠ እንጂ ሀብቱ ከእጃቸው እንዳልወጣ እንረዳለን።

ኮሌጆች ይህን ለምን ይፈልጉታል? የደራሲዎቹ ማብራሪያ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። አንድ ኮሌጅ ከተቀበላቸው ተማሪዎች ስንቱ እንደሚመጡ በማርች አያውቅም። ብዙ ቢቀበል መኝታ ይጠብበታል፤ ጥቂት ቢቀበል ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ፈርሞ የመጣ ተማሪ ግን መምጣቱ የተረጋገጠ ነው፤ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚከፍልም ቀድሞ ይታወቃል። የኮሌጆችን ደረጃ የሚያወጣው የዩኤስ ኒውስ መጽሔት ከተቀበሉት ውስጥ የመጡትን መጠን እስከ 2003 ድረስ በስሌቱ ያስገባ ስለነበር አስገዳጁ መንገድ የኮሌጁን ስምም ከፍ ያደርግ ነበር። መጽሔቱ መስፈርቱን ቢሰርዝም ኮሌጆቹ ልማዱን አልተዉም። እንደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ከአዲስ ገቢዎቻቸው ግማሽ ያህሉን በዚህ መንገድ ይሞላሉ። ግማሹ ወንበር ከተያዘ በኋላ በጃንዋሪ የሚያመለክተው ብዙ ሺሕ ተማሪ የሚሻማው በቀረው ግማሽ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የምልክት ጉዳይ ነው፤ ከመጽሐፉ ጋር የምለያየውም እዚህ ነው። ማይክል ስፔንስ በ1973 ባሳተሙት ጥናት የምልክትን ሐሳብ ለኢኮኖሚክስ ሰጥተው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ አንድ ምልክት የሚታመነው ለሁሉም እኩል ቀላል ካልሆነ ነው የሚል ነው። ማንም «እወዳችኋለሁ» ብሎ በማመልከቻው ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ሌሎችን ሁሉ ትቶ የሚፈርመው ግን ከልቡ የፈለገ ብቻ ነው። ኤቨሪ በ2010 ከጆናተን ሌቪን ጋር ባሳተሙት ጥናት ይህንን መሠረት አድርገው ቀድሞ ማመልከት ተማሪው ለኮሌጁ ያለውን ጉጉት የሚያሳይበት መንገድ ነው ብለዋል። ጆናተን ሌቪን ዛሬ የስታንፈርድ ፕሬዚዳንት ናቸው። አባታቸው ሪቻርድ ሌቪን ደግሞ የዬል ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ፣ በ2001 ማብቂያ ላይ፣ ኮሌጆች ሁሉ አስገዳጁን መንገድ ቢተዉት መልካም ነበር ብለው በአደባባይ የተናገሩ ሰው ናቸው። አባት ሊያስቀሩት የፈለጉትን ሥርዓት ልጃቸው ለምን እንደሚሠራ አስረዱ ማለት ነው። ሁለቱ የግድ አይጣሉም፤ ግን የልጅየው ቀመር የአባትየውን ስጋት አይመልስም።

ፊርማው ጉጉትን ብቻ አይለካምና። ገበያ ላይ ዋጋ ሳይጠይቅ «ጠቅልልልኝ» የሚል ገዢ ዕቃውን ከሌላው አብልጦ ስለወደደ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚለው፤ ዋጋው ስለማያሳስበውም ነው። የኧርሊ ዲሲዥን ፊርማ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ሙሉውን ክፍያ ከኪሱ ለሚያወጣ ቤተሰብ ፊርማው የሚያሳጣው ነገር የለም፤ የትም ቢገባ የሚከፍለው ተቀራራቢ ነውና። ፋይናንሻል ኤድ (የገንዘብ ድጋፍ) ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ግን በኤፕሪል የሦስት ወይም የአራት ኮሌጆችን የድጋፍ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማወዳደር የአሥር ሺሕዎች ዶላር ጉዳይ ነው። እሱ ሲፈርም የሚተወው ይህን ማወዳደሪያ ነው። ስለዚህ ሁለት ልጆች አንድን ኮሌጅ እኩል ቢወዱት ምልክቱን ለመስጠት የሚከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም፤ የቅበላ ክፍሉ «ጉጉት» ብሎ የሚያነበው ነገር በከፊል የወላጅ ገቢ ነው።

ደራሲዎቹ ይህን አላዩም ማለቴ አይደለም። የገንዘብ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች ከአስገዳጁ መንገድ እንደሚርቁ መጽሐፉ በግልጽ ያሳያል፤ በምክር ምዕራፉም እንዲጠነቀቁ ይነግራቸዋል። ቅሬታዬ ጉዳዩ የተቀመጠበትን ቦታ ይመለከታል። መጽሐፉ ስሙን «ጨዋታ» ካለ በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ የተጫዋች ጥያቄ ያደርገዋል፦ አንተ በዚህ ሁኔታ ብትሆን የትኛውን ካርታ ትጥላለህ? በአንዱ ምዕራፍ ቅበላውን ሕጉ ለተጫዋቹ ካልተነገረው፣ እየተሸነፈ ብቻ ከሚማረው የማርስ ሰዎች የካርታ ጨዋታ ጋር ያመሳስሉታል። ምዕራፉ ጥሩ ነው፤ ተማሪዎች ስለ ሥርዓቱ ምን ያህል የተምታታ ግምት እንዳላቸው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ነገር ግን ሕጉን ያወቀው ሁሉ እኩል መጫወት ይችላል የሚል ስሜት ትቶ ያልፋል። ሕጉን ጠንቅቆ አውቆ ለመፈረም አቅም የሌለው ልጅ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላም ጉድለት አለ። ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው ተማሪዎች በእነዚሁ ስመ ጥር ኮሌጆች ውስጥ የሚማሩት፣ ማለትም የተሳካላቸው ናቸው። ወደ በሩ ያልቀረበው ልጅ ምን ሆነ? የዚህን መልስ ለማግኘት መጽሐፉን ዘግቶ የኤቨሪን የኋላ ሥራ መክፈት ያስፈልጋል። በ2013 ከካሮላይን ሆክስቢ ጋር ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሆኑ እጅግ ጎበዝ ተማሪዎች አብዛኞቹ ለምርጥ ኮሌጆች በየትኛውም ወቅት አያመለክቱም፤ ብዙዎቹ ቢያመለክቱ ኖሮ በድጋፉ ምክንያት የሚከፍሉት በአቅራቢያቸው ከሚገቡበት ኮሌጅ ያነሰ ይሆን ነበር። ሁለቱን ሥራዎች አብሮ ያነበበ ሰው ሙሉውን ሥዕል ያያል። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ግን ችግሩ ሁሉ በኖቬምበርና በጃንዋሪ መካከል ያለ ይመስለዋል።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ቢሆንም በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በአትላንታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቤት በየዓመቱ ይገባል። እነዚህ ወላጆች ያደጉበት ሥርዓት ሌላ ነው። በአገራችን ተማሪው አገር አቀፉን ፈተና ይወስዳል፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤቱ ይመድበዋል። ሥርዓቱ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ቀኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቀድሞ በመምጣት የሚገኝ ነጥብ የለም። ከዚህ የመጣ አባት ወይም እናት ልጃቸውን «አንተ ብቻ ተማር፣ ውጤቱ ይናገራል» ብለው ማሳደጋቸው ትክክል ነው፤ የተማሩበት እውነት ነውና። በአሜሪካ ግን ውጤቱ ብቻውን አይናገርም። ልጁ ሙሉ ኤ እያመጣ፣ ኤስኤቲውን አሳምሮ ሠርቶ፣ ኖቬምበር 1 ማንም ሳይነግረው ሊያልፈው ይችላል። የካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃዋል ቢልም በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል፤ ሰውየው ስልክ ደውሎ ስለ አንድ ልጅ የሚማከርበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

የገንዘቡ ቅጽም ከእኛ ቤት ኑሮ ጋር አይገጥምም። ኮሌጆች ቤተሰቡ የሚከፍለውን አስቀድሞ የሚገምት ማስያ በድረ ገጻቸው እንዲያኖሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሕግ ይገደዳሉ። ማስያው ደመወዝተኛ ለሆነ፣ አንድ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ደህና ይሠራል። ታክሲ ወይም ኡበር እየነዳ በራሱ ለሚተዳደር፣ ትንሽ ሱቅ ላለው፣ ወይም ከልጁ እናት ጋር ለተለያየ አባት ግን ግምቱ ከእውነተኛው ክፍያ ሊርቅ ይችላል። ብዙ የግል ኮሌጆች ልጁ አብሮት ከማይኖረው ወላጅም የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ያ ወላጅ አዲስ አበባ ከሆነና ግንኙነቱ ከተቋረጠ በኖቬምበር ማስረጃውን ማግኘት ትልቅ ራስ ምታት ነው። አገር ቤት ላሉ እናትና አባት፣ ለእኅት ልጅ ትምህርት በየወሩ የሚላከውንም ገንዘብ ቀመሩ በራሱ አይቆጥረውም፤ በልዩ ሁኔታ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ያለን ቤተሰብ «ቀድመህ ፈርም፣ 100 ነጥብ ታገኛለህ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚያመለክት ተማሪ ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በዋናነት ለአሜሪካ አመልካች ነው። ከውጭ የሚያመለክተውን ተማሪ የገንዘብ አቅም ሳያይ የሚወስን ኮሌጅ ጥቂት ነው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ ድጋፍ መጠየቁ ራሱ በውሳኔው ላይ ይከብዳል፤ ቀድሞ በመፈረም ያገኘውን በድጋፍ ጥያቄው ሊያጣው ይችላል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሆነውን ስናይ የደራሲዎቹ ትንበያ ኮሌጆቹን በሚመለከት ልክ ነበር። ሃርቫርድ በ2006 ቀድሞ መቀበልን ሙሉ በሙሉ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ፕሪንስተንና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከተሉት። ምክንያታቸው ሥርዓቱ ቀድሞም ዕድል ያላቸውን ይጠቅማል የሚል ነበር። ሌሎቹ ግን አልተከተሉም፤ ሦስቱም በ2011 ተመለሱ። አንድ ኮሌጅ ብቻውን ሲተው ጎበዞቹን ለጎረቤቱ አሳልፎ እንደሚሰጥ መጽሐፉ አስቀድሞ አስረድቷል። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ነገሩን አባባሰው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የውድድር ሕግን መሠረት አድርጎ ባደረገው ምርመራ ምክንያት የቅበላ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ከሥነ ምግባር ደንቡ ጥቂት አንቀጾችን ሰረዘ። ከተሰረዙት አንዱ ለኧርሊ ዲሲዥን አመልካቾች ብቻ የሚሰጥ ማባበያን የሚከለክለው ነበር። ስለዚህ ኮሌጆች ተስማምተው መተው ከባድ ነው፤ ተስማምተው መገደብም እንደ ጥፋት ሊታይባቸው ይችላል። የመጽሐፉ የማሻሻያ ሐሳቦች በዚህ ዓይን ሲታዩ ስስ ናቸው። ተማሪው ሳይታሰር ለአንድ ኮሌጅ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነህ የሚልበት መንገድ ግን ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ከ2006 ጀምሮ ሥራ ፈላጊ ምሁራን ለሁለት ቀጣሪዎች እንዲህ ያለ ምልክት እንዲልኩ ሲያደርግ ማንንም አላሰረም።

የ100 ነጥቡ መለኪያም አርጅቷል። መረጃው የ1990ዎቹ ነው። ፈተናው ከ2005 እስከ 2016 ከ2400 ሲታረም ቆይቶ ወደ 1600 ተመለሰ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብዙ ኮሌጆች ውጤቱን ማቅረብን ለተማሪው ምርጫ ትተዋል። ቁጥሩን ዛሬ እንዳለ ይዞ መከራከር አይቻልም። ግኝቱ ራሱ ግን አላረጀም፤ ኮሌጆቹ በየዓመቱ የሚያወጧቸው የተቀባዮች መጠን በኧርሊና በመደበኛው መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳለ ዛሬም ያሳያል።

ይህን መጽሐፍ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ እንዲያነበው የምመክረው ስለ ማስረጃው ከሚናገረው ምዕራፍ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ የኮሌጆቹንና የካውንስለሮቹን ስልት፣ በመጨረሻ ምክሩን። የምክር ምዕራፉን ሲደርስ ግን እኔ ብጽፈው መጀመሪያ ላይ የማስቀምጠው አንድ ገጽ ይጎድለዋል። በዚያ ገጽ ላይ እንዲህ እል ነበር፦ ከመፈረማችሁ በፊት፣ በሴፕቴምበር፣ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል ጻፉ፤ የገቢያችሁን ማስረጃ አያይዛችሁ ግምት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዶቹ ይሰጣሉ። ወደ አገር ቤት የምትልኩትን በደረሰኝ አስረዱ። ካውንስለሩን በጁን አግኙት እንጂ በኦክቶበር አትጠብቁት። ከተፈረመም በኋላ የተሰጠው ድጋፍ ልጁን ለማስተማር የማያስችል ከሆነ ያመለከተውና ድጋፍ የጠየቀው ተማሪ ከግዴታው እንደሚለቀቅ በስምምነቱ ላይ ተጽፏል፤ ያንን አንቀጽ ልጃችሁ በአማርኛ እየተረጎመ ያንብብላችሁ፣ ከዚያ ብዕሩን አንሡ።